ጠመኔ ይዞ መቆም ምን ይጻፍበታል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ለውጭ አገር የመምህራን ሥልጠና ማመልከት እፈልጋለሁ። ግን የሚያመለክቱት የፊዚክስና የአይሲቲ ሰዎች ናቸው። እኔ ጠመኔ ይዤ ከመቆም ሌላ ምን እጽፋለሁ? ረቂቁን ልኬልዎታለሁ። (ተማሪዎቼ ስለ 77ቱ ድርቅ አያቶቻቸውን ጠይቀው በደብተር የጻፉት ነገር አለ፤ እሱ ግን ለማመልከቻ አይሆንም መሰለኝ።)

መልስ፦ እህቴ፣ ረቂቅሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል» ይላል። ይህን እኮ ማንም ይጽፈዋል። ስድስት ዓመት ክፍል ውስጥ ምን ስትሠሪ እንደኖርሽ ግን አንድ መስመር የለም።

እስኪ ስለ ክሪስታ ማኮሊፍ ላውራሽ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፕሬዚዳንት ሬገን ወደ ጠፈር የሚላከው ተራ ዜጋ አስተማሪ እንዲሆን ወሰኑ። ከ11,000 በላይ አስተማሪዎች አመለከቱ። የሳይንስ ሰው ያልፋል ትያለሽ አይደል? ያለፈችው በኒው ሃምፕሻየር፣ ኮንኮርድ ከተማ ሶሻል የምታስተምር ሴት ናት። ያቀረበችው ሐሳብም ማስታወሻ መያዝ ነው፤ ሥልጠናውን፣ በረራውን፣ ከተመለሰች በኋላ ያለውን። ድሮ በጋሪ ወደ ምዕራብ አሜሪካ የተሰደዱ ሴቶች የጉዟቸውን ማስታወሻ ጽፈው የለ? እንደነሱ። ታሪክ በተራ ሰው ዓይን ሲታይ ይገባል ብላ ታምን ነበር፤ ክፍሏም ውስጥ የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ለማመልከቻ ብላ አዲስ ሰው አልሆነችም።

መጨረሻውን ሳትሰሚ አትቀሪም። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ክሪስታ የተሳፈረችባት የጠፈር መንኮራኩር ቻሌንጀር በተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ ሰባቱም አለቁ። የሮኬቱ የጎማ ማሸጊያ በብርድ ደንድኖ ነበር። መሐንዲሶች በዋዜማው «በዚህ ብርድ አትነሳ» ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። ታሪኩን የጀግንነት ብቻ አድርገው ሲያወሩት ደሜ ይፈላል።

የክሪስታ ተጠባባቂ የነበረችው አስተማሪ ባርባራ ሞርጋን አይዳሆ ወዳለው ክፍሏ ተመለሰች። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1998 ጠፈርተኛ አድርጎ መረጣትና በ2007፣ በ55 ዓመቷ በረረች። ክሪስታ ጠፈር ላይ ልትሰጣቸው ካሰበቻቸው ትምህርቶች አንዳንዶቹን ደግሞ በ2018 ሁለት ጠፈርተኞች ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሠርተው አሳዩ። ሁለቱም የቀድሞ አስተማሪዎች ናቸው።

ወደ አንቺ ልመለስ። በቅንፍ ያለፍሽው የ77ቱ ድርቅ ደብተር ነው ማመልከቻሽ። ከእሱ ጀምሪ። ስንት ተማሪ ጻፈ? አንዷ አያት ምን አለች? እሷ ያለችውን እንዳለ ጥቀሺ፤ አታሳምሪው። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ተማሪ በዚያ ሳምንት አፉን ከፈተ? ጻፊው። ከዚያ ሥልጠናው ለዚህ ሥራ ምን እንደሚጨምርልሽ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። ሰርተፊኬቶቹ አባሪ ይሁኑ።

ርእሰ መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልሽ ሲቀመጡም ባዶ እጅሽን አትሂጂ። «መልካም ሥነ ምግባር አላት» ብለው ማኅተም እንዳይመቱልሽ ሦስት አራት ደብተር ይዘሽ ግቢና ጠረጴዛቸው ላይ ዘርጊላቸው።