ከውጭ አገር ክፍል ጋር አሻንጉሊት ስለመለዋወጥ ለጠየቅሽው መምህርት

ጥያቄሽን አየሁት። ብቸና 4ኛ ክፍል ታስተምሪያለሽ። ውጭ አገር ያለ አንድ ክፍል አሻንጉሊት ሊልክላችሁ ነው፤ እናንተም የራሳችሁን እንድትልኩ ጠይቋል። «ከየት ልጀምር? ድካሙስ ያዋጣል ወይ?» ብለሻል። ያዋጣል። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ በ2011 ዓ.ም. ከአንድ የአውስትራሊያ ክፍል ጋር አድርጌዋለሁ። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፤ እንግዳው ይመጣል፣ ከልጆቹ ጋር ይከርማል፣ የዕለት ማስታወሻውን እነሱ በእሱ አፍ ይጽፉለታል፣ ከዚያ ወደ አገሩ ይመለሳል። አገሩን አልጠቀስሽም እንጂ ያንቺም ጣጣ ከእኔ የተለየ አይሆንም።

1ኛ. አሻንጉሊቱ ብቻውን ይምጣ። ይህን ለዚያኛዋ መምህርት ዛሬውኑ ጻፊላት። ከረሜላ አይጨመር፣ ባትሪ ያለው ነገር አይጨመር፣ ታብሌትማ በጭራሽ! የእኛ እንግዳ ኮዋላ ነበር። ላኪዎቹ ቅን ሰዎች ናቸውና «ለክፍሉ ይጠቅማል» ብለው አንድ ያገለገለ ታብሌት ከሥሩ ሸጎጡለት። ዋጋውን ደግሞ አዲስ ሳለ በተገዛበት ሂሳብ ሞሉት። ቢጠፋ ካሳ ይከፈለናል ብለው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን አበሳ የማውቀው እኔ ነኝ።

ጥቅሉ ተያዘ። የቢሮውን ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «የድጋፍ ደብዳቤ» አለኝ። ከትምህርት ቤቱ አጻፍኩ። «ማኅተሙ አይነበብም።» ሌላ አስመታሁ። «ይሄ አይበቃም፣ ከበላይ አካል አምጣ።» እሱንም አመጣሁ። አንዷ ሠራተኛ ኮዋላውን በጆሮው አንጠልጥላ አወጣችና፣ «ለዚች ድብ ነው አባይ በረሃን የተሻገርከው?» ብላ ቢሮውን ሁሉ አሳቀችብኝ። የመኪናውና የአልጋው ሳይቆጠር ቀረጡን ከደሞዜ ከፈልኩ። የመምህር ደሞዝ ምን እንደሆነ ላንቺ አይነገርም። ታብሌቱ ቻርጀር እንኳ አልነበረውም!

2ኛ. ፎርሙን በደንብ አስረጃት። ጥቅሉ ላይ ሲኤን 22 የሚባል ትንሽ የጉምሩክ ፎርም ይለጠፋል። በውስጡ ያለው ዕቃ፣ ክብደቱና ዋጋው ይሞላል፣ ላኪው ይፈርማል። «ስጦታ» ብቻ ብለው እንዳያልፉት። «አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ዋጋውንም እውነተኛውን። አድራሻ ስትሰጪ የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስጪ፤ ቤት ድረስ የሚያመጣልሽ የለም። የሣጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለም ቀድመሽ አጣሪ። የእኛው ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነበር፤ ዘበኛው ደግሞ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል።

3ኛ. የምትልኪው አሻንጉሊት ከምን እንደተሠራ አስቢበት። እኛ አንድ ጎጃሜ ሠራን። አረንጓዴ ቁምጣ፣ ትንሽ ጋቢ፣ በእጁ ዱላ። ልብሱን አንድ የተማሪ አባት ከቁርጥራጭ ጨርቅ በነጻ ሰፉልን። ሆዱን ልጆቹ ገለባ ሊሞሉት ነበር፤ እሺ አላልኩም። አውስትራሊያ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። ዘር፣ ገለባ፣ አፈር፣ ያልታከመ እንጨት በፖስታ ሲገባ ከተገኘ ይወሰዳል፣ ይወገዳል። ሆዱን ጨርቅ ሞላነው። ዱላውስ? ጎጃሜ ያለ ዱላ እንዴት አገር ይሻገራል ተባለ፤ ክፍሉ ተከራከረ። በመጨረሻ ሽቦ በቡናማ ጨርቅ ጠቅልለን አስያዝነው። አንዲት እናት ለመንገድ ብለው ዳቦ ቆሎ በፌስታል አምጥተው ነበር። እሱን እዚያው ተካፈልነው።

ስለ ድካሙ ጠይቀሽ የለ? ኮዋላ ድብ አይደለም፤ እንደ ካንጋሮ ልጁን በከረጢት የሚያሳድግ እንስሳ ነው። አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። የሚበላው ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ተናወጠ። ባሕር ዛፍ! ቤታችን አጣናው እሱ፣ ማገሩ እሱ፣ ማገዶው እሱ። ሜጫ አካባቢ እኮ ገበሬው የእህል ማሳውን ሳይቀር ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከውጭ እንደገባ፣ የትውልድ አገሩም አውስትራሊያ እንደሆነ ስነግራቸው አንዱ ልጅ ተነሳና፣ «ዛፉን ሲያመጡ እንስሳውን ለምን ተዉት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። በማግስቱ አንዲት ልጅ በኮዋላው አፍ ማስታወሻ ጻፈች፦ «ዛሬ አጣና በጫነ ጋሪ ገበያ ሄድኩ። ምሳዬን እየሸጡት ነው።» የአውስትራሊያዋ መምህርት ይህን አንብባ ባሕር ዛፉን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን አለች። ልጆቹ ቅጠሉን ራሱን መላክ አማራቸው። አይቻልም፤ ምክንያቱን ነግሬሻለሁ።

በእንግሊዝኛ ካልሆነ ብለሽ ልጆቹን አታስጨንቂ። የእኔዎቹ በአማርኛ ጻፉ፣ እኔ ማታ ማታ ተረጎምኩ። ቀኑን ግን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፊ። የእኔዎቹ 2011 ብለው ሲጽፉ እዚያ 2018 ነበር። የአውስትራሊያ ልጆች ኮዋላችን ሳንወለድ ነው እንዴ የሄደው ብለው ተጨነቁ! የትምህርት ዘመኑንም አገናዝቢ። እነሱ በጥር መጨረሻ ከፍተው በታኅሣሥ ይዘጋሉ፤ ክረምታችን የእነሱ የትምህርት ወቅት ነው። ጎጃሜውን በታኅሣሥ ብንልከው ኖሮ የተዘጋ በር ነበር የሚጠብቀው።

ልጆቹ እንግዳውን በየተራ ቤታቸው ይወስዱታል። በዕጣ አድርጊው፤ አለበለዚያ ለቅሶ ነው። በላስቲክም ጠቅልይው። አንዱ ቤት ጥጃ የኮዋላውን ጆሮ አላመጠው። የልጁ አያት በቀይ ክር ሰፍተው መለሱት። እኔ ደንግጬ ይቅርታ ጻፍኩ። እነሱ ግን ያን ቀይ ክር አጉልተው ፎቶ አንስተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ዳይሬክተራችን መጀመሪያ «አሻንጉሊት ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ የት ጋ ነው ያለው?» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ማዶ የምስጋና ደብዳቤ ሲመጣ ፎቶው ላይ መሃል የቆመው እሱ ነው። ይሁን፣ እኔ ጫፍ ላይ አለሁ።

የልጆቹን ፎቶ ከመላክሽ በፊት ከወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበይ። ኢንተርኔት ሊቋረጥ እንደሚችል፣ መንገድም ሊዘጋ እንደሚችል ለመምህርቷ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ዝም ስትዪ ተረሳን ብለው እንዳይከፉ። እኔ ያደረግኩት መንገዱ ደህና በነበረ ጊዜ ነው። ሌሎቻችሁ አጋር ክፍል የምትፈልጉ ካላችሁ አይኧርን የሚባለውን ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየአገሩን ትምህርት ቤቶች የሚያገናኝ ድርጅት ተመልከቱ፤ በድብ አሻንጉሊት የሚደረግ የክፍሎች ልውውጥ አለው።

የድጋፍ ደብዳቤው ናሙና እጄ ላይ አለ፤ ማኅተሙ የሚነበበው። ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ።