«ተምረሽ ጭቃ?» ለተባለችው እህቴ

ደብዳቤሽ ባጭሩ ይህን ይላል። የደራ ገበሬ ልጅ ነሽ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀሽ ዓመት ከመንፈቅ እዚሁ ከተማ ተከራይተሽ ሥራ ፈልገሻል። አሁን ሁለት ቦታ ተገኝቷል፤ ፎገራ አንድ ገጠር ቀበሌ የሰብል ባለሙያነት፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ደግሞ ካሸርነት። አባትሽ «በሬ ሸጬ ያስተማርኩሽ ተመልሰሽ ጭቃ እንድትረግጪ ነው ወይ?» ብለዋል።

ይቺ ንግግር ታናድደኛለች። ያደግሁት ጢስ ዓባይ አጠገብ ነው። ከፏፏቴው የሚመነጨው መብራት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ባሕር ዳርን ሲያበራ ኖሯል። ሽቦው በጣራችን አናት ያልፍ ነበር፤ እኛ በኩራዝ እናጠና ነበር። ከመካከላችን የተማረው ሁሉ ሽቦውን ተከትሎ ከተማ ገባ። ከዚያ ተመልሰን «ገጠር ምን አለ?» እንላለን።

አባትሽ ያፈሩት በጎረቤት ፊት ነው። የቤት ኪራይሽን የሚልኩልሽ ግን ጎረቤቶቹ አይደሉም፣ እሳቸው ናቸው። ያውም ከዚያው ከጭቃው።

የፎገራ ጭቃ ደግሞ ሩዝ ነው። ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ስለሆነ ለሩዝ ተስማማው። ባሕር ዳር ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የሚጋገረው ሩዝ ብዙው ከዚያ ይመጣል። የፎገራዋ ከተማ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ሁለት ክረምት ማሳ ላይ ቆመሽ በሩን ብታንኳኪ የምታወሪው አለሽ። ከካሸርነት ተነስተሽ ግን ምን ትያቸዋለሽ? እኔ ሦስት ዓመት በቦቲ ጫማ ቀበሌ ለቀበሌ ዞሬያለሁ። በኋላ ከተማ ለሥራ ስፈተን የጠየቁኝ ስለዚያው ብቻ ነበር።

ደሞዙ ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ከሁለቱም ላይ ኪራይና ትራንስፖርት ቀንሺና የሚተርፈውን አወዳድሪ።

ከመፈረምሽ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያ የሚኖሩትን ጠይቂ። ካልተረጋጋ ይቅርብሽ፤ ሥራ ሌላ ይመጣል። ስለ ማደሪያ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሪ። ሴት ልጅ ብቻዋን የት እንደምትኖር ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማስተርስ ልቀጥል ወይ ላልሽው፣ ይቆይ። «ገጠር ገብተሽ ማን ያገባሻል?» ላሉሽ አክስት መልስ የለኝም።

አባትሽን በስልክ አትከራከሪያቸው። ቅዳሜ ሂጂ፣ ማሳው ድረስ አብረሻቸው ውረጂ። ሰብሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገሽ እዪና የታየሽን ንገሪያቸው።