ሞዴሉን 94 አመጣሁ፤ ለፈተናው ልመዝገብ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለፈው ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኘሁም። የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ ለሚሰጠው የሲሲኤንኤ ሰርተፍኬት ፈተና ለወራት ሳጠና ቆይቻለሁ። አንድ የሞዴል ጥያቄዎች ስብስብ አለኝ። መጀመሪያ ስሠራው 61፣ ሁለተኛ 78፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ 94 ከመቶ አመጣሁ። የሚከፍልልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዶላር ሳይጨምር አሁኑኑ እንክፈል ይለኛል። እኔ ግን ልቤ አልሞላም። ዝግጁ መሆኔን በምን ልወቅ?»

እህቴ፣ ልብሽ አለመሙላቱ ትክክል ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች የምተማመንበት የመጀመሪያው ላይ ነው። 61 ያመጣሽው ጥያቄዎቹን ሳታያቸው ነው። 78 እና 94 የመጡት ግን ከዚያው ስብስብ ነው። በመሀል የተማርሽው አለ፣ የሸመደድሽውም አለ። የቱ ምን ያህል እንደሆነ ያው ስብስብ ሊነግርሽ አይችልም። አንቺም ብትሆኚ መለየት ይከብድሻል። ጥያቄው ገና ሲጀምር «አዎ፣ ይቺን አውቃታለሁ፣ መልሷ ሐ ነው» የሚል ነገር ይመጣብሻል። ያ የኔትወርክ እውቀት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጊው ያላየሽው ሞዴል ነው። ሌላ አዘጋጅ ያወጣው ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱ የአጠያየቅ ልማድ አለው። ከተቻለ ሁለት ሙሉ ፈተና ያዢ። አንዱን አሁን ትሠሪዋለሽ። ሁለተኛውን አትክፈቺው፣ «ትንሽ ልየው» ብለሽም ቢሆን። አንዴ ካየሽው ዋጋው አለቀ።

ስትሠሪው እንደ እውነተኛው ይሁን። ፈተናው 120 ደቂቃ ነው። አንድ ጥያቄ መልሰሽ ካለፍሽ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል የለም። ብዙ የሞዴል ሶፍትዌሮች ግን «ምልክት አድርገህ ተመለስ» ይፈቅዳሉ፤ አጥፊው። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪ። በመሀል ቡና ተፈላ ቢሉሽም እንዳትነሺ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያደርገው ነገር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ስትሰጪ ወረቀት ላይ «እርግጠኛ ነኝ» ወይም «ገመትኩ» ብለሽ ምልክት አድርጊ። ሲታረም ገምተሽ ያገኘሽውን እንደ ስህተት ቁጠሪው። ለምን መሰለሽ? 100 ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ቢኖርና 60ውን ብቻ ብታውቂ፣ ቀሪውን 40 ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትመልሺ እንኳን በአማካይ 10 ያህሉን ታገኛለሽ። ውጤትሽ 70 ይላል። እውቀትሽ ግን 60 ነው። አሥሩን ዕድል የሰጠሽ ሲሆን፣ በፈተናው ቀን ዕድል ላይመጣ ይችላል።

ያገኘሻቸውንም ቢሆን ዝም ብለሽ አትለፊያቸው። ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ ለምን እንደተሳሳቱ ጮክ ብለሽ ተናገሪ። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ራውተሩ (በኔትወርኮች መካከል መረጃ የሚያስተላልፈው መሣሪያ) ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ 10.1.0.0/16 የሚወስድ በእጅ የተጻፈ ስታቲክ መንገድ ነው። ሌላው ወደ 10.1.1.0/24 የሚወስድ፣ በኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) የመጣ ነው። ለ10.1.1.5 የተላከ ፓኬት፣ ማለትም ቁራጭ መረጃ፣ በየቱ ይሄዳል? ቁጥር የሸመደደ ተማሪ «የስታቲክ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ (ራውተሩ ለመንገዱ ምንጭ የሚሰጠው የታማኝነት ቁጥር) 1 ነው፣ የኦኤስፒኤፍ 110 ነው፣ ትንሹ ያሸንፋል» ብሎ ስታቲክ ይላል። ተሳሳተ። ራውተሩ ፓኬቱን ሲልክ የሚመርጠው ይበልጥ የተወሰነውን መንገድ ነው፣ ማለትም /24ን፤ ከ«/» ቀጥሎ ያለው ቁጥር፣ ማስኩ፣ ሲበልጥ ኔትወርኩ ይጠባል። አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ የሚነጻጸረው ለአንድ ዓይነት ኔትወርክ፣ ከነማስኩ ማለቴ ነው፣ ሁለት ምንጭ ሲኖር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በቃልሽ ብታውቂያቸውም ይህን መናገር ካቃተሽ ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር ትወድቂያለሽ።

ቁጥሩን ራስሽ መቀየርም ጥሩ ነው። ሞዴሉ የ192.168.10.77/27 ኔትወርክ የቱ ነው ብሎ ጠይቆ መልሱን 192.168.10.64 ብለሽ ካገኘሽ፣ 77ቱን 130 አድርጊው። ወደ 128 ወዲያው ከደረስሽ፣ ብሮድካስቱንም (የዚያን ኔትወርክ የመጨረሻ አድራሻ) 159 ካልሽ ሰብኔቲንግ፣ ማለትም ኔትወርክን ወደ ትናንሽ መከፋፈል፣ ገብቶሻል። ካልኩሌተር ግን አይፈቀድም፤ ልምምድሽም ያለ ካልኩሌተር ይሁን።

ሌላው ነገር፣ አጠቃላይ ውጤቱን ብቻ አትይ። ሲስኮ የፈተናውን ክፍፍል በግልጽ አውጥቶታል። የኔትወርክ መሠረት 20፣ ስዊቾችና ዋየርለስ ያሉበት የኔትወርክ አክሰስ 20፣ አይፒ ኮኔክቲቪቲ (ራውተሮች መንገድ የሚመርጡበት) 25፣ አይፒ ሰርቪስ 10፣ የደኅንነት መሠረት 15፣ አውቶሜሽን 10 ከመቶ። ውጤትሽን በእነዚህ ስድስት ክፍሎች ከፋፍይው። ብዙ ተማሪ መሠረቱ ላይ 90 ያመጣና አይፒ ኮኔክቲቪቲ ላይ ይንሸራተታል። የፈተናው ሩብ ደግሞ እሱ ነው።

«ታዲያ ስንት ሲሆን ልመዝገብ?» ትይኛለሽ። ሲስኮ የማለፊያ ነጥቡን አይናገርም። 825 ነው ሲባል ትሰሚ ይሆናል፤ አትያዢው። የሞዴል ፐርሰንትም ከዚያ ነጥብ ጋር በቀጥታ አይገናኝም። የእኔ የራሴ መለኪያ ይህ ነው፦ ባልታየ ሙሉ ፈተና፣ ግምቱ ተቀንሶ፣ ከ80 በላይ ካመጣሽና ከስድስቱ ክፍሎች አንዱም ከ70 በታች ካልወረደ ተመዝገቢ። ጥብቅ ነው ልትይ ትችያለሽ። የሚወጣው ገንዘብ የወንድምሽ ስለሆነ ጥብቅ ይሁን።

ግን ጥያቄ መመለስ ብቻውን አይበቃም። ፈተናው ላይ ትዕዛዝ እየጻፍሽ የምትሠሪው የተግባር ጥያቄ፣ «ላብ» የሚሉት፣ ሊመጣ ይችላል። ፓኬት ትሬሰር የሚባለው የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፣ መካከለኛ ላፕቶፕም ይችለዋል። ባዶ ገጽ ክፈቺ። ሁለት ስዊችና ሁለት ራውተር አስቀምጪ። ማስታወሻ ሳታዪ ቪላኖቹን (በአንድ ስዊች ላይ የሚለያዩ ኔትወርኮችን) ፍጠሪ፣ ትራንኩን (ብዙ ቪላን የሚያሳልፈውን መስመር) አስተካክዪ፣ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ አስነሺ፣ በኦኤስፒኤፍ አገናኚያቸው፣ ከርቀት የሚገባበትን ኤስኤስኤች ክፈቺ፣ የሚያልፈውንና የሚከለከለውን የሚለይ አንድ አክሰስ ሊስት ጨምሪ። ከዚያ አብራሽ የምታጠና ጓደኛ ካለች ፋይሉን ስጫትና አንድ ቦታ ታበላሸው። አንቺ ፈልገሽ አግኚው። «ሾው አይፒ ራውት» በሚለው ትዕዛዝ የራውተሩን መንገዶች ዝርዝር አውጥተሽ የጎደለውን መንገድ በዓይንሽ ስትለይ ሞዴሉ ያልነገረሽን ነገር ታውቂያለሽ። ላብ ላይ እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሞዴሉ 94 ቢልም ቆይ በይ።

አቦ፣ አሁን ትንሽ ልቆጣ። በቴሌግራም «እውነተኛ የፈተና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» እየተባለ የሚሸጠውን ፋይል አትንኪው። ያንቺ ስብስብ ከዚያ የመጣ ከሆነ ጣይው። የተሰረቀ ነው፣ ፈተናው ላይ የምትፈርሚውን ስምምነት ይጥሳል፣ ሲስኮ ሲደርስበት ውጤትሽን ሊሰርዝና ከፈተና ሊያግድሽ ይችላል። መልሶቹም ብዙ ጊዜ የተሳሳቱ ናቸው። «እኔ እፈተንልሻለሁ» የሚልሽንም እንደዚያው። ድሬ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። ባንኮቹ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ያሉት የኔትወርክ ልጆች ይተዋወቃሉ። ሰርተፍኬት ይዘሽ ሄደሽ ቪላን መፍጠር ካቃተሽ ወሬው ከዚራ ሻይ ቤት ላይ ከአንቺ ቀድሞ ይደርሳል።

አንቺን ላይመለከት ይችላል፣ ግን ለሌሎችም ልበል። በምርቃና ሌሊቱን ሙሉ ሞዴል የሚሠሩ አሉ። ፈተና ክፍል ውስጥ ጫት የለም። ሞዴሉን ፈተናው በሚሆንበት ሰዓት፣ በምትፈተኑበት አኳኋን ሥሩት። የሰዓቱ ነገር ከተነሳ፣ ቀጠሮው የሚመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 9:00 የሚለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ቀይረሽ ሁለት ጊዜ አረጋግጪ።

ከቤት በኦንላይን መፈተን ይቻላል። ግን ብቻሽን የምትሆኚበት ዝግ ክፍል፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና ካሜራ ያስፈልጋል። ሰው ከገባ ወይም ከካሜራው ፊት ከተነሳሽ ፈተናው ሊቋረጥ ይችላል። ሰፈራችሁ መብራት የሚጠፋ ከሆነ እኔ አልመክርሽም። አዲስ አበባ ማዕከል የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ግቢና ተኝተሽ እደሪ። ከአውቶቡስ ወርደሽ በቀጥታ ወደ ፈተና አትሂጂ።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ስለ ዶላር ያለው ስጋት የዋዛ አይደለም፣ ግን ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ፈተናው ታክሱን ሳይጨምር 300 ዶላር ነው። እናንተ በምትጠብቁበት ወር ዶላር 10 ከመቶ ቢጨምር የሚጨመርባችሁ የ30 ዶላር ያህል ብር ነው። ሳትዘጋጂ ገብተሽ ብትወድቂ ግን ቢያንስ 5 ቀን ጠብቀሽ ሌላ ሙሉ 300 ዶላር ትከፍያለሽ። ስለዚህ አንደኛውን ያልታየ ሞዴል በዚህ ሳምንት ሥሪው። የደከምሽባቸውን ክፍሎች በላብ ጠግኚ። ከዚያ የዘጋሽውን ሁለተኛውን ክፈቺ። ወንድምሽ ካርዱን የሚያወጣው የዚያን ቀን ውጤት ካየ በኋላ ይሁን።