ጥያቄና መልስ፦ ቆዳው ፎርማ ላይ ሲወጠር ለምን ተሰነጠቀብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፈው ከሀዋሳ ነው፣ ቤቴ ውስጥ የሴት ጫማ እየሰራሁ መሸጥ ጀምሬያለሁ። መርካቶ ሄጄ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቆዳ ገዛሁ፣ ሻጩ ኦሪጅናል የበሬ ነው አለኝ፣ ግን ፎርማ ላይ (ጫማው ቅርጽ የሚይዝበት የእግር ቅርጽ ያለው መስሪያ) ስወጥረው የጫማው አፍንጫ ጋ ተሰነጣጠቀ። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የቆዳው? ከዚህ በኋላስ ምን አይቼ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ እንዳልሽው ከሆነ ጥፋቱ የቆዳው ነው የሚመስለኝ። ሰውየውም የግድ ዋሽቶሽ ላይሆን ይችላል፣ የበሬ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ለሁለት ይከፈላል፣ ጥንካሬው ያለው ፀጉር በነበረበት በላይኛው ነው፣ የታችኛው ስፕሊት የሚሉት ግን ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ይለበጥበትና አብረቅርቆ ገበያ ይወጣል። እሱም የበሬ ነው እኮ፣ ሲወጠር ግን የተለበጠው ይሰነጠቃል።

ስለዚህ በፊቱ ውበት አትሸወጂ፣ መጀመሪያ የተቆረጠውን ጠርዝ እዪ፣ እንደ ላስቲክ ያለ ነገር ላዩ ላይ ከታየሽና በጥፍርሽ ስትፍቂው ከተነሳ ተዪው። ከዛ ፊቱን ወደ ውጭ አጥፈሽ እጥፋቱን ጫን በዪው፣ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ፎርማ አይችልም። ወደ ውስጥ ስታጥፊውም ደቃቅ መስመር ቢያወጣ ችግር የለውም፣ ፊቱ ተላቆ ትልልቅ ሆኖ ከተጨማደደ ግን ልል ነው። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽም ፈትጊው፣ ቀለም ከለቀቀ የደንበኛሽን እግር ያጠቁራል።

ለሴት ጫማ እኔ የፍየል ሌጦ ነው የምመርጥልሽ፣ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው። የደጋ በጋችን ሌጦ በጓንት ዓለም ያወቀው ነው፣ ግን ስስና የሚለጠጥ ስለሆነ ለገበር ይሁንሽ። የበግም የፍየልም ሌጦ ላይ ተበታትነው የሚታዩ ነጠብጣቦች ካሉ እከክ ነው፣ እንስሳው በህይወት እያለ ቅማልና መሰል ተባይ ያመጣበት ጉዳት፣ እሱን እያለፍሽ ስለምትቆርጪ ብዙ ይባክንብሻል፣ ዋጋ አስቀንሺበት።

ሂሳቡ በስኩዌር ፊት ነው፣ 1 ስኩዌር ፊት ወደ 30 በ30 ሳንቲሜትር ነው፣ ብዙ ጊዜ ልኩ በቆዳው የውስጥ ገጽ ላይ ይጻፋል፣ ግን ሜትር ይዘሽ ሂጂ። የሆድና የእግር አካባቢው ስለሚለጠጥ የጫማውን አፍንጫ ሁልጊዜ የእንስሳው ጀርባ ከነበረው ቦታ ቁረጪ። ቀለሙ ፋብሪካ ውስጥ ከተቀባበት ዙር ወደ ዙር ስለሚለያይም ለአንድ ትዕዛዝ የሚበቃሽን በአንዴ ግዢ፣ ግራና ቀኙንም ከአንድ ቆዳ ጎን ለጎን አውጪ።