የመኪኖቻችሁን ጂፒኤስ ይዛችሁ ካርታ ስለማስተካከል፦ ለደሴው ጠያቂ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ደሴ ላይ ዕቃ የሚያከፋፍሉ መኪኖች አሉህ፣ ሁሉም ላይ ጂፒኤስ ተገጥሟል፣ የስልኩ ካርታ ግን ሹፌሮችህን መኪና ወደማይወጣበት ይመራቸዋል፤ «በራሳችን የጉዞ መረጃ ካርታውን ማረም እንችላለን ወይ?» ነው ያልከው። ትችላለህ፣ አብሽር። እኔም ስምሪት ላይ ስሠራ በዚሁ ነገር ተቃጥያለሁ። ዛሬ መኪኖቻችን ከኮምቦልቻ እስከ ቆቦ የሚገቡባቸው መጋቢ መንገዶች ኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል ነፃ የኢንተርኔት ካርታ) ላይ ልክ ሆነው የሚታዩት በሹፌሮቻችን ጉዞ ስላረምናቸው ነው፤ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል።

1. መሣሪያው በየስንት ሰከንዱ ቦታ እንደሚመዘግብ እይ። «መኪናዬ የት ደረሰች?» ለሚል ባለቤት ታስቦ ስለሚገጠም ብዙ ጊዜ 30 ሰከንድ ወይም 1 ደቂቃ ላይ ይተዉታል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ30 ሰከንድ ከ330 ሜትር በላይ ይጓዛል። እስቲ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ፣ ሐረጎን አስበው። ነጥቦቹን ስታያይዛቸው ጥምዝምዙ በሙሉ ይጠፋና መኪናው ገደሉን ቁልቁል የወረደ ይመስላል። የገጠመልህን ባለሙያ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ አድርግልኝ በለው፤ ካልሆነ ደግሞ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ነጥብ እንዲይዝ ያስተካክልልህ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ይችላሉ። ዳታ ይበላል ካለህ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ይሁን።

2. የቆመ መኪና ነጥቦችን አውጣቸው። መናኸሪያ ወይም መጋዘን በር ላይ ሲቆም ነጥቡ እንደ ተበተነ ጤፍ ዙሪያውን ይረጫል፣ ያንን መንገድ ነው ብለው የሚስሉ አሉ። ሹፌሩ የሚያድርበትን ሰፈርም ከፋይሉ ቁረጥ፣ የሰው ቤት ለዓለም አይለጠፍም። ጉዞው የተመዘገበበት ፋይልህ (ጂፒኤክስ ይባላል) ላይ ሰዓቱ ከሌለ ደግሞ ኦፕንስትሪትማፕ አይቀበልህም።

3. በአንድ መኪና ጉዞ መንገድ አትሳል። እኛን ያከሰረን ይሄ ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ ድልድይ ሲሠራ መኪኖች በማሳ ጥግ ዞረው ያልፉ ነበር። የማናውቀው ሰው ያንን ተለዋጭ ከአንድ መኪና ጉዞ ወስዶ እንደ መደበኛ መንገድ ካርታው ላይ አስገባው። ድልድዩ አልቆ ተከፈተ፤ ካርታው ላይ ያለው መንገድ ግን እዚያው ቀረ። ሐምሌ ላይ ለመስመሩ አዲስ የሆነ ሹፌራችን አይሱዙ ሙሉ ዱቄት ጭኖ ስልኩ ታጠፍ ባለው ታጠፈ። ዋልካው መኪናውን እስከ አክስሉ ዋጠው። ማሽላው ተደፈጠጠ፣ ዱቄቱ ራሰ፣ የሚጎትት መኪና ከወልድያ ተከራየን። የማሳው ባለቤት የተከበሩ አባት ናቸው፤ በሽማግሌ ተነጋግረን ካሳ ከፈልን። እሳቸው ግን ከገንዘቡ ይልቅ «ልጄ፣ ይኼ መንገድ ነው ብሎ የነገራችሁ ማነው?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ነጥቡ መኪናው የት እንደሄደ እንጂ ለምን በዚያ እንደሄደ አይነግርህም። ለምኑን የሚያውቀው ሹፌሩ ነው። አዲስ መስመር ካየህ ደውልለት፦ ድልድይ ተሰብሮ ነው? ሠርግ ድንኳን መንገድ ዘግቶ ነው? በክረምትም ይኬዳል? ሌላ መኪና፣ በሌላ ወር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ካልሄደበት ይቆይ። በተቃራኒው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ማንም ስላላለፈበት መንገዱ ጠፋ ብለህ አትሰርዝ፤ በጋ ላይ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ጻፍበት። ባቲ ሰኞ የሚገባውን መኪና ያላየ ሰው ስለ ባቲ መጋቢ መንገዶች ምንም አያውቅም።

4 ልል ነበር፣ ግን ስለ ቢሮው ልንገርህ፣ አንተም መሄድህ አይቀርም። የትኞቹ የገጠር መንገዶች ተሠርተው እንዳለቁ ዝርዝር ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ደብዳቤ አምጣ፣ ማኅተሙ አይታይም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና። በስንት መከራ ዝርዝሩን ቦታውን ከሚያሳዩት ቁጥሮች (ኮኦርዲኔት) ጋር ሰጡኝ። ከሹፌሮቻችን ጉዞ ጋር ሳስተያየው ሁሉም ወደ አንድ ጎን 200 ሜትር ገደማ ሸሽቷል። ተመልሼ ሳሳያቸው ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የኛ የመንግሥት ካርታ ነው፣ የተበላሸው ያንተ ስልክ ነው» አለኝ። ሰው ፊት ነው ያለኝ! ስልኩ ደህና ነበር። የቀድሞው የአገራችን ባለ 1፡50,000 ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ነው የሚጠቀመው። ሳይቀየር ከተደራረበ እንዲህ ይሸሻል። ወሎ ውስጥ 200 ሜትር ማለት ገደል ማዶ ማለት ነው። ቁጥሮቹን ኪውጂአይኤስ በሚባል የካርታ ፕሮግራም ከአዲንዳን ዞን 37 (ወሎ ያለበት የካርታ ክፍል) ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ቀየርኳቸው፣ መኪኖቻችን የሄዱበት መንገድ ላይ ገጠሙ። ስለዚህ ዝርዝር ሲሰጡህ መጀመሪያ «በየትኛው ዳተም ነው?» በል። አናውቅም ቢሉህም ዝርዝሩን ተቀበል፣ ከራስህ ጉዞ ጋር አስተያይተህ ትደርስበታለህ።

የሳተላይት ፎቶውንም በጭፍን አትመን፤ ተራራማ ቦታ ላይ እሱም ይንሸራተታል። ኩታበርን አልፎ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ መጀመሪያ የብዙ መኪኖችን ጉዞ ደራርበህ መሐሉን ያዝ፣ ከዚያ ፎቶውን ወደሱ ሳበው። ጎግል ላይ ያየኸውን ግን ገልብጠህ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ እንዳታስገባ፣ ክልክል ነው፣ ልፋትህን ይሰርዙብሃል።

መሣሪያውን የገጠመው ድርጅት ፋይሉን አልሰጥም ካለህ ውልህን አውጥተህ አንብብ፣ የጉዞው መረጃ የማን እንደሆነ እዚያ ላይ መኖር አለበት። ካገኘኸው የኩታበሩን መስመር በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ከኛ ሹፌሮች ጋር አስተያይቼ እመልስልሃለሁ።