አውራ ጣታችሁን ብቻውን አስተምሩት

በቅርቡ አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። የአሜሪካዋ ኬንታኪ ተወላጅ መርል ትራቪስ ያስፋፋውን የካንትሪ ጊታር አመታት ስልት ለመቻል ግማሽ ዓመት ያህል ደክሟል። «ጋሼ፣ አውራ ጣቴ ብቻውን ሲሆን ይሄዳል፤ ዜማውን በሌባ ጣቴ ስጨምርበት ግን ቀጥ ይላል። እጄ ለዚህ አልተፈጠረም ማለት ነው?» ይላል። እጅህ ደህና ነው ብዬ መለስሁለት። ጥያቄው ግን ከእኔ አልወጣም፤ ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ ያቀረብሁለት ሰው ነበረና ስለ እርሱ ሳስብ ሰነበትሁ።

ስልቱን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ አራቱን ምት ሳያቋርጥ ይመታል። ሲ ኮርድ ብትይዙ አንደኛውንና ሦስተኛውን ምት በአምስተኛው ክር፣ ሁለተኛውንና አራተኛውን በአራተኛው ክር ማለት ነው። የመዳፍ ጠርዝ ወፍራሞቹን ክሮች ድልድዩ (ክሮቹ ከጊታሩ ሆድ ጋር የሚታሰሩበት ቦታ) አጠገብ በስሱ ስለሚጫናቸው ድምፃቸው ታፍኖ ይወጣል። በዚህ ላይ ሌባ ጣት በቀጫጭኖቹ ክሮች ዜማውን ያወጣል፤ አንዳንዱን ድምፅ ከአውራ ጣት ጋር እኩል፣ አንዳንዱን በሁለት ምት መካከል። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚያ መካከል ላይ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ እጫወት ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ የገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ እንግዳውም፣ አስተናጋጁም፣ ሙዚቀኛውም አብረን እናድራለን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚጨፍር አይኖርም፤ ሰው ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። ያን ጊዜ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጠው የባንዳችን ጊታር ተጫዋች ማጉያውን አጥፍቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ለራሱ ይጫወታል። ስሙን እዚህ የማልጽፈው ዘመዶቹን ሳላገኝ የሰውየውን ታሪክ አደባባይ ማውጣት ስለከበደኝ ነው። ጋሼ እያልሁ ነበር የምጠራው። ያደገው አስመራ ነው። ባስና ዜማ ከአንድ ጊታር አብረው ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእርሱ እጅ ነበር፤ አስተምረኝ ብዬ ለመንሁት።

አስቀመጠኝና «አውራ ጣትህን አስጀምርና አውራኝ» አለኝ። ስለ ምን? «ስለ ሰፈርህ። እናትህ በጾም ምን እንደምትሠራ። ስለፈለግኸው።» አፌን ስከፍት ጣቴ ይቆማል። «ቆመ፤ እንደገና።» ሌሊቱ እንዲህ ያልፍ ነበር። ዜማ የለም፣ ዘፈን የለም፤ ሁለት ክር ብቻ። ያን ጊዜ ነው ያ ወጣት የጠየቀኝን የጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ «አያትህ ምን ሠርተው ያድሩ ነበር?» አለኝ።

አንድ ሌሊት የአያቴን የመሬት ሙግት እየተረክሁለት ነበር። ረጅም ታሪክ ነው፤ ዳኛ ተቀይሮ፣ ምስክር ሞቶ፣ እንደገና የተጀመረ ሙግት። ተርኬ ስጨርስ እርሱ ዝም ብሎ እጄን ያያል። ጣቴ አንድም ጊዜ አልቆመም። «አሁን አንድ ድምፅ ጨምር፤ መጀመሪያው ምት ላይ ብቻ» አለኝ። በማግሥቱ ያችን ድምፅ ከምቱ ላይ አንስቶ በሁለቱ ምቶች መካከል አስቀመጣት። ጣቴ ተንገዳገደ፤ አልቆመም ግን።

በነገራችን ላይ ክር በዚያን ጊዜ እንደልብ አይገኝም ነበር። ያረጀውን ፈትተን ከሆቴሉ ወጥ ቤት ውኃ ለምነን እንቀቅለው ነበር፤ ዝገቱና የእጅ ወዙ ሲለቅ ለጥቂት ቀን ድምፁ ይመለሳል። የወጥ ቤቷ ሴት ክራችንን የምትቀቅልበት ድስት ለይታ አስቀምጣልን ነበር። ነፍሷን ይማር።

ሰውየው አንድ ምሽት ሥራ አልገባም። በኋላ በሱዳን በኩል ወጣ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። አያቴን፣ እናቴን፣ ሰፈሬን ያውቃል። እኔ ግን ስልቱን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። ቃኘው ሰፈር የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪዘጋ ድረስ አሜሪካኖቹ አስመራ ነበሩ፤ ሬዲዮአቸውም ካንትሪ ያሰማ ነበር። ከሬዲዮ ይሁን፣ ከሸክላ፣ ወይስ ጎኑ ከተቀመጠ ወታደር? ማን ይነግረኛል?

ኬንታኪዎች በዚህ ከእኔ ይሻላሉ። ትራቪስ ከየት ተማርህ ሲሉት የሙሌንበርግ አውራጃን ጎረቤቶቹን፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛና ፀጉር አስተካካይ የነበረውን ሞዝ ሬገርንና አይክ ኤቨርሊን ይጠራ ነበር። ሬገር ኬኔዲ ጆንስን ይጠራል። ከጆንስ በፊት ደግሞ አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አለ። ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሞት አንድም ቅጂ አልተወም፤ ስሙ የቀረልን ያዩት ሰዎች ስለተናገሩለት ነው። የእኔ አስተማሪም ቅጂ የለውም።

የዛሬ ልጆች እኛ ያላየነው በረከት አላችሁ። ተጫዋቹን ስልካችሁ ላይ ታቆሙታላችሁ፣ ታዘገዩታላችሁ፣ ጣቱን አንድ በአንድ ታያላችሁ። ቅር የሚለኝ ትዕግሥታችሁ ነው። ሰኞ አንድ ትምህርት፣ ማክሰኞ ሌላ፤ አውራ ጣቱ ሳይጠነክር ቪዲዮ ተቀርጾ ይለጠፋል። ስለ ኮርድ ለውጥና ስለ ጥፍር አልጽፍላችሁም፤ እርሱን የትም ታገኙታላችሁ። እኔ የምለው ሰው ፊት ተቀመጡ ነው። ጣታችሁ መቼ እንደቆመ ከእናንተ ቀድሞ የሚሰማ ሰው ፈልጉ።

ይህን ስል ታዋቂው አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ቼት አትኪንስ ትዝ ይለኛል፤ እርሱ ደግሞ ነገሬን ያፈርስብኛል። ጆርጂያ ከአባቱ ጋር በሚኖርበት ጊዜ የትራቪስን ጊታር ከሲንሲናቲ በሚተላለፍ ሬዲዮ ሰማ። ትራቪስ ይጫወት የነበረው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ብቻ ነው። አትኪንስ ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ድምፅ በሁለት ጣት አይወጣም ብሎ ሌሎቹን ጣቶቹንም አሠለጠናቸው። ዓለም ያወቀው አጨዋወቱ ከዚያ ተወለደ። አጠገቡ አስተማሪ ቢኖር ኖሮ ትክክለኛውን ያሳየው ነበር፤ እኛም አትኪንስን አናገኝም ነበር። ይህንን ከምክሬ ጋር እንዴት እንደማስታርቀው አላውቅም። ሁለቱንም አምናለሁ።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ ዜማውን ለጊዜው ተወው። በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ ስልሳ ምት ላይ አውራ ጣትህን አስጀምርና ከቤተሰብህ ጋር አውራ፤ ሳትቆም ማውራት ስትችል አንድ ድምፅ ጨምር።

ሌሎቻችሁ ደግሞ በየከተማው ሆቴል ቤት ሲጫወቱ የኖሩ፣ የካንትሪ ዘፋኞቹን ጂም ሪቭስንና ዶን ዊሊያምስን ዛሬም በቃላቸው የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ሂዱ። ስልካችሁን ፊታቸው ላይ አታነጣጥሩ፤ ቀኝ እጃቸው ላይ፣ ከድልድዩ በኩል ዝቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ የመዳፋቸው ጠርዝ ክሩ ላይ የት እንደሚያርፍ የሚታየው ከዚያ ነው። ተጫውተው ሲጨርሱ ቀረጻውን አታጥፉት፤ ከማን እንደተማሩት ጠይቋቸው።