«በኪሎ 20 ዶላር ውሰዱ» ለተባሉት አባት

ጥያቄ፦ ልጄ ሪያድ ስትሠራ ቆይታ ስትመለስ ካስመዘገበቻቸው ሁለት ሻንጣዎች አንዱ ቦሌ አልደረሰም። ስድስት ሳምንት ሆነው። ያመጣት አየር መንገድ «በኪሎ 20 ዶላር፣ ለ23 ኪሎ 460 ዶላር ውሰዱ፤ ካልተስማማችሁ ሪያድ ሄዳችሁ ክሰሱ» አለን። እውነት ሕጉ እንዲህ ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልጅዎ «ካሣዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» በሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። ከፈረመች በኋላ ልረዳችሁ የምችለው በጣም ጥቂት ነው።

በኪሎ ማስላት እ.ኤ.አ. በ1929 የተፈረመው የዋርሶ ስምምነት ነገር ነው። ዛሬ ከሪያድ አዲስ አበባ የሚደረገውን በረራ የሚገዛው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው። ሁለቱም አገሮች አባል ናቸው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም ስምምነቱ የእኛው ሕግ ነው። በእሱ ሻንጣ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ የካሣው ጣሪያ የሚቆጠረው ለአንድ መንገደኛ ነው። ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር ሆኗል፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ሲሆን፣ ድምሩ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል።

ይህን ያህል ግን ዝም ብሎ አይከፈልም፤ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ማስረዳት የእሷ ድርሻ ነው። ደረሰኝ ከሌላት ሻንጣውን ስታሽግ የተነሳችው ፎቶ፣ ስትገዛ የደረሳት የባንክ መልእክት፣ አብረዋት የነበሩ ልጆች ምስክርነት ይጠቅማል። የዓመታት ላቧ ነውና አንዱንም አትናቁ። «እየፈለግን ነው» ቢሏችሁም፣ ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን 21 ቀን ስላለፈ ካሣ የመጠየቅ መብቷ ተከፍቷል። (ተሰብሮ ለደረሰ ሻንጣ ግን የጽሑፍ አቤቱታ በ7 ቀን ውስጥ መግባት አለበት።)

ሪያድ ስለመክሰስ ትኬቱ ይወስናል። የመምጫ ብቻ ከሆነ መድረሻዋ አዲስ አበባ ስለሆነ፣ በሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 33 እዚሁ አገር መክሰስ ትችላለች። ከሪያድ ተነስቶ ሪያድ የሚመልስ ደርሶ መልስ ከሆነ ግን በሕጉ ዓይን መድረሻዋ ሪያድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያኔም ቢሆን የአየር መንገዱ ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ ከሆነ፣ ወይም ትኬቱ የተቆረጠው እዚህ ባለው ቢሮው ከሆነ በሩ አልተዘጋም።

ጊዜው ያሳስበኛል። እንደ ፍትሐ ብሔሩ 10 ዓመት አይጠብቅም፤ አውሮፕላኑ ከደረሰበት ቀን አንስቶ 2 ዓመት ብቻ ነው። ቦሌ የተሞላውን የጠፋ ሻንጣ ሪፖርት፣ የሻንጣውን ታግና ትኬቱን ይዛችሁ የሐረጎን ዳገት ውጡና ደሴ ቢሮዬ ኑ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን።